የተሰነጠቀ ባምፐር መሙላትና ማለስለስ፦ ከደሴ የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ረፋድ፣ ጥር

መኪናዋ ነጭ ቶዮታ ቪትዝ ናት። ስትገዛ ጀምሮ የፊት ባምፐሯ የቀኝ ማዕዘን ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከጭጋግ መብራቱ ቀዳዳ ጥግ የሚነሣ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ስንጥቅም አለበት። የታችኛው ጠርዝ በኮብልስቶንና በቦይ አፍ እየተፋቀ ቀለሙን ጨርሶ ጥቁሩ ፕላስቲክ ይታያል። ያገለገለ ባምፐር ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስገዝቶ በአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ 400 ኪሎ ሜትር ማስመጣት እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ እርሱም መሞላትና መቀባት የሚያስፈልገው ሆኖ ስለሚደርስ፣ ያለውን አውልቆ መጠገን የተሻለ መስሎ ታየኝ።

ለማውለቅ የደሴ የጥር ጠዋት አይመችም። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ስለሚደርቅ ክሊፖቹ በቀላሉ ይሰበራሉ፤ ስለዚህ ፀሐይ ግቢው ውስጥ እስክትገባና ባምፐሩ በእጅ ሲነካ ለብ እስኪል ድረስ ጠበቅሁ። ከዚያ በ10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈቱትን ብሎኖች፣ ከጎማው ጉያ በኩል ያሉትን ሁለቱን፣ በመጨረሻም የላይኛዎቹን ክሊፖች በካቻቢቴ ጫፍ እያነሣሁ አወጣሁ። የጭጋግ መብራቶቹ ሽቦ ሳይነቀል ባምፐሩን መሳብ ሶኬቱን ይበጥሳልና፣ በአንድ እጅ ባምፐሩን ደግፎ በሌላው ሶኬቱን ለመንቀል ረዳት ማግኘት ይመረጣል።

ባምፐሩን ገልብጬ ውስጡን ስመለከት ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው በቀስት ምልክቶች መካከል የታተመው የፕላስቲኩ ዓይነት ነው፤ ፒፒ፣ ማለትም ፖሊፕሮፒሊን ይላል። ምልክቱ ተፍቆ ለማይነበብበት ባምፐር ቀላል ማረጋገጫ አለ፦ ከማይታይ ጠርዝ በምላጭ ስስ ቁራጭ ተልጦ ውኃ ላይ ሲጣል፣ ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ ስለሚቀልል ይንሳፈፋል፤ ለፍርግርግና ለመስታወት ሽፋን የሚሠራበት ኤቢኤስ የተባለው ፕላስቲክ ግን ይሰጥማል። እኔም ምልክቱን አይቼም ቢሆን ሞከርሁት፤ ተንሳፈፈ።

ሁለተኛው የቀድሞ ጥገና ነው። ስንጥቁ ላይ ቀደም ሲል በሆነ ጋራዥ ስቱኮ፣ ማለትም ከቀለም በፊት ጎድጓዳ የሚሞላበት ልስን፣ ተለስኖበት ነበር። ጥፍሬን ከሥሩ ሳስገባ እንደ ድርቆሽ እየተሰባበረ ተነሣ። ከስቱኮው ሥር የነበረው ፕላስቲክ አንድም የብርጭቆ ወረቀት ጭረት የሌለበት፣ እንደ ተመረተ የሚያብለጨልጭ ነበር። ስቱኮው ራሱ ለቆርቆሮ የሚውለው ደረቅ ዓይነት ሲሆን፣ በአንዳንድ ቦታ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ወፍሯል። በከተማችን የሚታዩት የተላላጡ ባምፐሮች ታሪክ በአብዛኛው ይኸው ይመስለኛል፤ ሰው ጥፋቱን ከቀለሙ ይፈልጋል እንጂ ቀለሙ የወደቀው የተሸከመው ስቱኮ ስለ ለቀቀ ነው፤ ስቱኮውም የለቀቀው የሚይዘው ነገር ስላላገኘ ነው። ፖሊፕሮፒሊን በተፈጥሮው ምንም ነገር አጥብቆ እንዲጣበቅበት የማይፈቅድ ፕላስቲክ ነው። ፋብሪካዎች እንኳ ባምፐሩን ከመቀባታቸው በፊት ገጹን በእሳት ነበልባል ለቅጽበት እየዳሰሱ ወይም በሌላ ዘዴ እያዘጋጁ ነው ቀለም የሚይዝ የሚያደርጉት።

እሑድ

ዛሬ የተሠራው ማጠብ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ወሰደ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ይታጠባል፣ ቀጥሎ ይፋቃል። ሰም፣ ቅባትና የአስፋልት ሬንጅ ያለበት ገጽ ሳይታጠብ ቢፋቅ፣ የብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን በየጭረቱ ውስጥ እየቀበረው ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ማውጣት አይቻልም። በሙቅ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና ውጩንም ውስጡንም አጠብሁ። ስንጥቁ የሚበየደው ከውስጥ በኩል በመሆኑ፣ ከሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የተሰበሰበው ጭቃና ናፍጣ ከውስጠኛው ገጽ ፈጽሞ መልቀቅ ነበረበት። ካደረቅሁ በኋላ ከኮሮና ወዲህ በየሱቁ የሚገኘውን አልኮል በንጹሕ ጨርቅ እያራስሁ ወለወልሁት፤ እርጥብ ጨርቅ መጠቀሙ ሌላም ጥቅም አለው፣ ፕላስቲክ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ኤሌክትሪክ እየያዘ አቧራ ይስባልና።

ከሰዓት በኋላ የገባውን ማዕዘን ወደ ቦታው መመለስ ጀመርሁ። ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው በ160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ ደሴ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ የፈላ ውኃ ፕላስቲኩን የማለዘብ እንጂ የማበላሸት ኃይል የለውም። ከማንቆርቆሪያ ቀስ እያልሁ ከላይ ሳፈስስ፣ ወፍራም ጓንት ያደረገ ታናሽ ወንድሜ ከውስጥ በኩል በመዳፉ ገፋው። ቅርጹ ሲመለስ ሳይለቅ ያዘው፤ እኔም ቀዝቃዛ ውኃ ደፋሁበት። ሰፊው ጎድጓዳ ሙሉ በሙሉ ተስተካከለ። ፕላስቲኩ የታጠፈበት ሹል መስመር ግን አንዴ ተለጥጦ ስለ ነበር ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ እንዳለ ቀረ፤ ይህ እንግዲህ የስቱኮ ድርሻ ነው። ሙቀት ሊመልሰው የሚችለውን ቅርጽ በስቱኮ ለመሙላት መሞከር ግን ከጅምሩ ወፍራም ልስን መፍቀድ ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ስንጥቁን መበየድ

ስቱኮ መሙያ እንጂ ማያያዣ አይደለም። ስንጥቁ ሳይበየድ ላዩ ቢለሰን፣ ባምፐሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ስንጥቁ እየተከፈተ ልስኑን በዚያው መስመር ይቀድደዋል። መጀመሪያ በስንጥቁ መጨረሻ ላይ በ3 ሚሊ ሜትር መብሻ ትንሽ ክብ ቀዳዳ አበጀሁ፤ ይህ ቀዳዳ በስንጥቁ ጫፍ ላይ የሚከማቸውን ኃይል በዙሪያው ስለሚያከፋፍለው ስንጥቁ ወደ ፊት እንዳይቀጥል ያግደዋል። ከዚያ በውስጠኛው ገጽ ስንጥቁን ተከትዬ፣ ከውፍረቱ ከግማሽ የማያልፍ ቦይ በምላጭ ጎረድሁ።

ለመሙያ የሚሆነው ዘንግ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ መሆን አለበት፤ ፖሊፕሮፒሊን ከራሱ ጋር እንጂ ከሌላ ፕላስቲክ ጋር አይዋሃድም። ከአንድ ጋራዥ ከተጣለ፣ ፒፒ የሚል ምልክት ካለበት ባምፐር ላይ ጠባብ ቅዳጆች ቆርጬ ተጠቀምሁ። በኤሌክትሪክ ሶልደር የቦዩን ግራና ቀኝ እያቀለጥሁ ቅዳጁን አብሬ አስገባሁ፤ ቀጥሎ ከማይዝግ ሽቦ የተሠራ ስስ ወንፊት በስንጥቁ ላይ አንጥፌ፣ በሶልደሩ ጫፍ እየተጫንሁ ፕላስቲኩ ውስጥ አሰመጥሁት። መሥራት ያለብን ፕላስቲኩ እስኪቀልጥ እንጂ እስኪጨስ አይደለም፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ጥንካሬውን ያጣል፣ ጢሱም ለሳምባ መጥፎ ነው። ሥራው በረንዳ ላይ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ተሠራ። በመካከሉ መብራት ጠፍቶ ወደ ማታ ተመለሰ፤ በዚህ ምክንያት የውጩ ገጽ ለረቡዕ ተላለፈ። ውጩን ስበይድ ቦዩን ያለ ወንፊት ሞላሁት፤ ወንፊት በውጭ ገጽ ከተቀበረ በኋላ ሲፋቅ ሽቦው ብቅ ይላልና።

ሲቀዘቅዝ ባምፐሩን በሁለት እጄ ይዤ ማዕዘኑን በጥቂቱ አጣመምሁት። ስንጥቁ አልተከፈተም። ስቱኮ ከመግዛቴ በፊት ማየት የፈለግሁት ይህን ነበር።

ኀሙስ፣ መፋቅ

በቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ እየለሰለሰ ይሄዳል) የብየዳውን እብጠት ዝቅ አደረግሁ፤ ከዚያ በቁጥር 180 ከስንጥቁ ግራና ቀኝ አንድ መዳፍ ያህል አስፍቼ ፋቅሁ። የነበረው ቀለም ጠርዝ በእጅ ሲዳሰስ ደረጃ እስከማይሰማ ድረስ ወደ ምንም መሳሳት አለበት። ፖሊፕሮፒሊን ሲፋቅ ያስቸግራል፤ እንደ ብረት አይደቅቅም፣ ይልቁንም ጠጉር ያወጣል። ይህም የሚብሰው ወረቀቱ ሲያረጅና እጅ ሲከብድ ነው፣ ሰበቃው ፕላስቲኩን ስለሚያሞቀው። ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ በቀላል እጅ መሄድ፣ የቀረውን ጠጉር ደግሞ በአዲስ ምላጭ መላጨት ይበጃል። በወረቀት መቆጠብ እዚህ ላይ አያዋጣም።

ዓርብ፣ ስቱኮ

የገዛሁት ስቱኮ ለፕላስቲክ የተዘጋጀ፣ ከደረቀ በኋላም የሚተጣጠፍ ዓይነት ነው። በከተማው የቀለም መሸጫዎች በቀላሉ የሚገኘው የቆርቆሮው ስለሆነ ጥቂት መጠየቅ አስፈልጎኛል። ዋጋውም ይበልጣል፤ ነገር ግን ለአንድ ባምፐር የሚያስፈልገው መጠን ትንሽ ነው። ከስቱኮው በፊት የፕላስቲክ ፕራይመር በስሱ ነፋሁ፤ ፕላስቲኩንና የሚቀጥለውን ንብርብር የሚያገናኘው እርሱ ነው። በጣሳው ላይ የተጻፈው የመድረቂያና የመሸፈኛ ጊዜ መጠበቅ ያለበት ሲሆን፣ ከተባለው በላይ ከቆየ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል።

ስቱኮ ለመለሰን የደሴ ጠዋት አይሆንም። ስቱኮና ማጠንከሪያው ሀርድነር ሲቀላቀሉ የሚጀምረው ኬሚካላዊ ለውጥ በሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው፤ እንደ ግምት መለኪያ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ብዙ ሰው ለብርዱ መድኃኒቱ ሀርድነር መጨመር ይመስለዋል። መጠኑ ግን ከስቱኮው ክብደት 2 በመቶ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የተረፈው ሀርድነር በኋላ በቀለሙ ውስጥ እየወጣ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ጥላ ይጥላል፤ ልስኑም ቀዳዳ ይበዛበታል። በነጭ መኪና ላይ ይህ ጥላ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ሀርድነር ከመጨመር ይልቅ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት መጠበቅን መረጥሁ፤ ባምፐሩንም ቀደም ብዬ ፀሐይ ላይ አስቀመጥሁት።

የእንቁላል ያህል ስቱኮ በመስታወት ቁራጭ ላይ አድርጌ፣ ሀርድነሩ አንድ ወጥ ቀለም እስኪሰጥ ድረስ በስፓቱላ እየተጫንሁ አዋሃድሁ። ሲቀላቀል መመታት የለበትም፤ ሲመታ አየር ይገባዋል፣ አየሩም በኋላ ሲፋቅ የመርፌ ቀዳዳ ይሆናል። ካርቶን ላይ መቀላቀል የተለመደ ቢሆንም፣ ካርቶን ከስቱኮው ውስጥ ፈሳሹን ስለሚመጥጥ አልመክረውም። የመጀመሪያው ሽፋን እጅግ ስስ ሆኖ በኃይል ተጭኖ የተዳፈነ ነበር፤ ሥራው የወረቀቱን ጭረቶች መሙላት ብቻ ነው። ከፍታ የሚሰጠው ቀጣዩ ሽፋን ከመጀመሪያው ዳር ሁለት ጣት ያህል ወጣ ብሎ ተለሰነ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ስቱኮው በስፓቱላው ላይ መጠጠር ስለሚጀምር፣ ያን ጊዜ እጅን መሰብሰብ ይገባል፤ መያዝ የጀመረ ስቱኮ ሲነካካ ይቀደዳል።

ቅዳሜ፣ ማለስለስ

የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ነው። ባምፐር ከጣሪያና ከበር የሚለየው ጠፍጣፋ ስፍራ ስለሌለው ነው፤ ማዕዘኑ በሁለት አቅጣጫ ይታጠፋል። በጠንካራ እንጨት ብንፍቀው ጠፍጣፋ ሜዳ እናወጣበታለን፤ በጣት ብንፍቀው ደግሞ በየጣቱ መጠን ቦይ እናበጃለን። ስለዚህ የአሮጌ ሸበጥ ሶል በመዳፍ ልክ ቆርጬ ብርጭቆ ወረቀቱን በላዩ ጠቀለልሁ። ኩርባውን ለመከተል በቂ ልስላሴ፣ ጎድጓዳውን ለመዝለል ደግሞ በቂ ጥንካሬ አለው።

ቁጥር 120 ቅርጹን ለማውጣት፣ ቁጥር 180 የእርሱን ጭረት ለማጥፋት፣ ቁጥር 240 ለማጠናቀቅ ዋሉ። አካሄዱ ሰያፍ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሰያፍ፣ ቀጥሎ በተቃራኒው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ እጅ ማዕበል ይተዋል። ስቱኮ ውኃ ስለሚመጥጥ እስከዚህ ድረስ ያለው ፍቅፍቅ ሁሉ በደረቁ ነው፤ በአቧራው ምክንያትም ማስክ ሳይደረግ አልተሠራም።

ከፍታና ዝቅታን ለማየት የከሰል ዱቄት ተጠቀምሁ። በስሱ የተፈጨውን ዱቄት በጨርቅ አድርጌ በልስኑ ላይ አሸሁት፤ ከዚያ ጥቂት ስፍቅ ጥቁሩ የለቀቀበት ከፍታ፣ የቀረበት ደግሞ ዝቅታ መሆኑ ታወቀ። በማዕዘኑ ግርጌ የአውራ ጣት ያህል ጥቁር ቀረ። በዚህ ጊዜ ጥቁሩ እስኪጠፋ መፋቅ ትልቅ ፈተና ነው፤ ዝቅታ ግን የሚጠፋው በመሞላት እንጂ ዙሪያውን ዝቅ በማድረግ አይደለም። ዱቄቱን በአልኮል ጠርጌ፣ ዝቅታውን በስስ ስቱኮ ደፍኜ እንደገና ፋቅሁ።

ዓይን ደብዛዛ ገጽ ላይ ይታለላል። እጅ አይታለልም፤ ነገር ግን እንዴት እንደሚዳሰስ ማወቅ ያስፈልጋል። የጣት ጫፍ ሸካራነትን እንጂ ቅርጽን አይለይም። ሙሉ መዳፍን ጠፍጣፋ አድርጎ፣ ካልተጠገነው ስፍራ ጀምሮ በጥገናው ላይ አልፎ ወደ ሌላኛው ያልተጠገነ ስፍራ በቀስታ ማሳለፍ ነው ዘዴው። በመዳፉና በገጹ መካከል ስስ ጨርቅ ቢገባ የቆዳው መያዝ ስለሚቀር ጉብታው ይበልጥ ይሰማል። የግራውን ጤነኛ ማዕዘን በግራ እጄ፣ የተጠገነውን በቀኝ እጄ በአንድ ጊዜ እየዳሰስሁ አነጻጸርኋቸው። የደሴ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ከመግባቷ በፊት አግድም በምትወድቅበት ሰዓት ደግሞ ባምፐሩን ወደ ምዕራብ አዙሬ፣ የጥላውን መስመር ተከትዬ ተመለከትሁ። መስመሩ ሳይሰበር አለፈ።

ሰኞ፣ ፕራይመርና ጉዞ

መሙያ ፕራይመሩን በጣሳ ስፕሬይ በሁለት ስስ ንብርብር ነፋሁ። አንድ ወጥ ግራጫ ሲሆን ስቱኮው የደበቃቸው የመርፌ ቀዳዳዎች ሁሉ ብቅ ይላሉ፤ አምስት ስድስቱን በማጠናቀቂያ ፑቲ ደፈንሁ። ከደረቀ በኋላ በቁጥር 400፣ ቀጥሎ በቁጥር 600 በውኃ ፋቅሁት። ስቱኮው አሁን ተሸፍኗልና ውኃ አይጎዳውም፤ ፕራይመሩ ተገፍፎ ስቱኮው እንዳይገለጥ ግን በተለይ በጠርዞች ላይ መጠንቀቅ ያሻል።

የላዩን ቀለም ራሴ ላለመርጨት ቀድሜ ወስኜ ነበር። የሚቀባው ባለ ሁለት ክፍል ቀለም ሀርድነሩ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለው፤ ይህ የሰውን የመተንፈሻ አካል ለዘለቄታው ሊጎዳ ስለሚችል፣ የአቧራ ማስክ ይዞ በግቢ ውስጥ መርጨት አይገባም። በሌላ በኩል በዚህ ወቅት የደሴ ጉምና ቅዝቃዜ ለቀለም አይመችም። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ሳለ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ሞቃት ናት፤ የአክስቴ ልጅም እዚያ የሚያውቀው፣ የተዘጋ መቀቢያ ክፍል ያለው ቀለም ቀቢ አለ። ሰሌዳው የሚታሠረው በባምፐሩ ላይ በመሆኑ መኪናዋን ያለ ባምፐር ይዞ ሐረጎን መውረድ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ማነጋገሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ባምፐሩ ብቻውን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በጎረቤት ፒክአፕ ወረደ።

ቀለም ቀቢው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ምንም ሳይናገሩ መዳፋቸውን በማዕዘኑ ላይ አሳለፉ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገልብጠው ብየዳውን አዩ።

«ስቱኮው የቆርቆሮ ነው የፕላስቲክ?» አሉኝ።

«የፕላስቲክ ነው ጋሼ፤ ከሥሩም ፕራይመር አለው።»

«እንግዲያው እቀባዋለሁ። የቆርቆሮ ቢሆን ኖሮ ግን ልጄ፣ ተመልሰህ መጥተህ እኔን ነበር የምትወቅሰው።»

በእርሳስ አንዲት ቦታ ከበቡ፤ ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ ያለች፣ እኔ በመዳፍ ያልደረስሁባት ጠባብ ዝቅታ ነበረች። በራሳቸው ስፓቱላ ሞልተው እዚያው ፋቁልኝ። የቀለሙን ቁጥር ከሞተሩ ክፍል ሰሌዳ ላይ ገልብጬ ሄጄ ነበር፤ 040 የሚለው የቶዮታ ነጭ ነው። ነጩም ቢሆን በፀሐይ ስለሚደበዝዝ፣ በአዲሱ ቀለምና በአሮጌው ፓራፋንጎ መካከል ጥቂት ልዩነት እንደሚኖር አስቀድመው ነገሩኝ። ለባምፐር በሚረጨው ቀለም ላይ የሚተጣጠፍ የሚያደርገውን ቅመም ጨመሩበት፤ የረጩትም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ የከሰዓቱ ነፋስ አቧራ ከማንሣቱ በፊት ነው።

መግጠም

ባምፐሩ ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ ኮምቦልቻ ቆይቶ ተመለሰ። ለመግጠም በመጀመሪያ ክሊፖቹን ሁሉ በላላ ሁኔታ አስገብቼ፣ በፋናሎቹ ሥር ያለው ክፍተት ግራና ቀኝ እኩል መሆኑን ካየሁ በኋላ ብሎኖቹን አጠበቅሁ። የቀኙ ማዕዘን ከፓራፋንጎው ጋር በትክክል ገጠመ፤ በኃይል ተስቦ የሚገጥም ቢሆን ኖሮ ብየዳው ዘወትር ውጥረት ላይ ይውል ነበር። ቀለም ቀቢው የተናገሩት የቀለም ልዩነት በጠራ ፀሐይ ላይ ቆሞ ለሚፈልገው ይታያል።

መኪናዋ ከዚያ ወዲህ ሐረጎን ደጋግማ ወጥታ ወርዳለች፤ የሐይቅንም መንገድ ሄዳበታለች። በየእጥበቱ ጊዜ የስንጥቁን መስመር በመዳፌ እከተላለሁ፤ እስካሁን የተሰማኝ ጭረትም ጉብታም የለም። የሚቀረው ሥራ ከጎማው ጉያ በኩል ያለውን የተሰበረ የጭቃ መከላከያ መያዣ መተካት ነው። እርሱ ካልታሠረ ጎማው የሚወረውረው ጠጠር በቀጥታ ብየዳው ጀርባ ላይ ስለሚያርፍ፣ የበልግ ዝናብ መንገዱን ሳያጨቀየው ክሊፑን ፈልጌ አስገባለሁ።